አዲስ የአካባቢ ደንብ ለሕዝብ የሚገለጽበት ሥርዓት

የአጥር ከፍታን፣ የቆሻሻ አወጋገድን ወይም የመኪና ማቆሚያ ክፍያን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ የአካባቢ ምክር ቤት ያወጣው ደንብ ነው። ጥሰቱ ቅጣት ስለሚያስከትል በብዙ አገሮች ደንቡ የሚጸናው በምክር ቤት ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ባዘዘው መንገድ ለነዋሪው መገለጽም አለበት።

ማስታወቂያ የሚወጣው ረቂቁ ሳይጸድቅ፣ ደንቡ ከጸደቀ በኋላ ወይም በሁለቱም ጊዜ ነው። ለነዋሪው የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው፤ ተቃውሞውን ሰምቶ ረቂቁን የሚያርም ሰው የሚገኘው ያን ጊዜ ነውና። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ1972 የአካባቢ አስተዳደር ሕግ በዘረጋውና ዛሬም ለአንዳንድ ደንቦች በሚሠራው ሥርዓት፣ ምክር ቤቱ ደንቡ በማዕከላዊው መንግሥት እንዲጸድቅለት ከመጠየቁ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ በአካባቢው ጋዜጣ ያሳውቃል፤ ነዋሪውም ግልባጩን በጽሕፈት ቤቱ ያለ ክፍያ ማየት ይችላል። የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ የከተማ ደንብ በጸደቀ በ15 ቀን ውስጥ እንዲታተም ያዛል፤ የደገፉትና የተቃወሙት አባላት ስምም አብሮ ይወጣል። ይህ የስም ዝርዝር ትልቅ ነገር ነው፤ መራጩ ተወካዩን በስሙ ጠርቶ እንዲጠይቅ ያስችለዋል። ደንቡ በሥራ ላይ የሚውለውም በመደበኛው አካሄድ ከጸደቀ ከ30 ቀን በኋላ ነው። ለአስቸኳይ ደንቦች ጊዜው ያጥራል።

ማስታወቂያ ስለተለጠፈ ብቻ ግን ሕዝብ አወቀ ማለት አይደለም። «የደንቡን አንቀጽ 14 ለማሻሻል የቀረበ ረቂቅ» የሚል ወረቀት ለማንም ምንም አይነግርም። «በመኖሪያ ሰፈር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የድምፅ ማጉያ መጠቀምን የሚከለክል ረቂቅ» ቢባል ግን ጉዳዩ የሚነካው ሰው ቆሞ ያነበዋል። ውይይቱ የሚካሄድበት ቀንና ቦታ፣ ሙሉው ረቂቅ የሚገኝበት ጽሕፈት ቤት፣ አስተያየት የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀንም ሊጻፉ ይገባል። የሮማ ታሪክ ጸሐፊው ስዊቶኒየስ እንደተረከው፣ ንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ የግብር ሕጉን እንዲያሳውቅ ሕዝቡ ሲወተውተው ማንም ሊገለብጠው እንዳይችል በደቃቅ ፊደል ጽፎ በጠባብ ቦታ ለጠፈው።

ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም የሚለው መርህ ገደብ እንዳለው ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1957 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው የላምበርት ጉዳይ ነው። የሎስ አንጀለስ ደንብ ቀደም ሲል በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ከተማዋ ውስጥ ከአምስት ቀን በላይ ከቆየ ፖሊስ ዘንድ እንዲመዘገብ ያስገድድ ነበር። ፍርድ ቤቱ፣ ግዴታውን ያላወቀችና ልታውቅ ትችል እንደነበረም ያልተረጋገጠባት ሴት በዚህ ልትቀጣ አይገባም ሲል ቅጣቱን ሻረ።

አሁን አሁን ማስታወቂያው ወደ ድረ ገጽ እየተዛወረ ነው። ወጪ ይቀንሳል፤ ሙሉውን ረቂቅ ለማስነበብም ያመቻል። ነገር ግን ኢንተርኔት የማያገኘውን ነዋሪ ያስቀራል፤ ገጹ በኋላ ቢታረም ደግሞ በዕለቱ ምን ተጽፎበት እንደነበር ማስረዳት ያስቸግራል። የታተመ ጋዜጣ ቀኑን ራሱ ይመሰክራል። በድረ ገጽ ብቻ የሚያስታውቅ ምክር ቤት የወጣበትን ቀንና የጽሑፉን ግልባጭ በኃላፊ ፊርማ አረጋግጦ በመዝገብ ካላስቀመጠ፣ ደንቡ በፍርድ ቤት ሲጠየቅ በወቅቱ ማሳወቁን ማስረዳት ይከብደዋል።