አስምን ከውስጥ የሚያቀጣጥለው ኢንዛይም፦ 5-ሊፖክሲጂኔዝ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ሰበታ ለሚኖር የአስም ታማሚ በጋው ከባድ ነው። ኮረኮንቹ መንገድ ይቦናል፣ ግንባታው አያልቅም፣ ከምጣድ ስር የሚነደው ኩበትና የባህር ዛፍ ቅጠል ጭሱ ግቢውን ይሞላዋል። አቧራና ጭስ ግን ነገሩን ይጀምሩታል እንጂ አይጨርሱትም። ቀሪው ሥራ በሰውነታችን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ እዚያ ደግሞ 5-ሊፖክሲጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ትልቅ ድርሻ አለው።

አለርጂክ አስም ያለበት ሰው የአበባ ብናኝ ወይም ፍራሽ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተባዮችን ኩስ ሲተነፍስ፣ የአየር ቧንቧው ውስጥ ያሉ ማስት የተባሉ የመከላከያ ሴሎች ይቆጣሉ። ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ሂስታሚን የተባለ ኬሚካል ወዲያው ይለቃሉ። ኢንዛይሙ ደግሞ ከሴሉ ሽፋን የሚወጣውን አራኪዶኒክ አሲድ የተባለ ቅባት ይዞ ሉኮትራይን ወደሚባሉ ኬሚካሎች መቀየር ይጀምራል። እነሱ ናቸው አደገኞቹ። ቧንቧ በማጥበብ ከሂስታሚን እስከ 1000 እጥፍ ይበረታሉ፣ ግድግዳውን ያሳብጣሉ፣ አክታ ያበዛሉ፣ ኢኦሲኖፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎችንም ይጠራሉ፤ የመጡት ሴሎች ያው ኢንዛይም ስላላቸው ተጨማሪ ሉኮትራይን ያመርታሉ። ቀን ትንሽ ያፈነው ሰው ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት፣ ደረቱ ሲር ሲር እያለ ሊነቃ የሚችለው አንድም በዚህ ነው።

ሉኮትራይን የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ስዊድናዊው ቤንግት ሳሙኤልሰን ነው፤ በ1982 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ።

ሁሉም የሚያውቀው የሳልቡታሞል ፓፍ ጡንቻውን ያላላል፣ እብጠቱን ግን አይነካም። ስለዚህ በእሱ ብቻ መክረም አደጋ አለው። መሠረቱ በየቀኑ የሚሳበው የስቴሮይድ ፓፍ ነው፣ ደህና ሲሆኑ የሚያቋርጡት ሰዎች ነገር በጣም ያሳስበኛል። ሞንቴሉካስት የተባለው መድኃኒት የሉኮትራይንን መቀበያ ይዘጋል፤ ዚሉተን የተባለው ደግሞ ኢንዛይሙን ራሱን ያግዳል። ሞንቴሉካስት የሚወስድ ልጅ እንቅልፉ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ ሳይቆዩ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር የህመም ማስታገሻ ነው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ 5-ሊፖክሲጂኔዝን የሚገታውን ፕሮስታግላንዲን የተባለ የሰውነት ኬሚካል ይቀንሳሉ። ያኔ ሉኮትራይን ይበዛል፤ አስም ካለባቸው አንዳንዶች ላይ ከባድ ጥቃት ያስነሳል። ከሰፈር ፋርማሲ የራስ ምታት ኪኒን ስትገዙ አስም እንዳለባችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ለብዙዎቹ ፓራሲታሞል ይሻላል።