ዩሪክ አሲድ ምንድን ነው? በኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ ሕሙማንን በተመለከተስ ምን ይጠቁማል?

ዩሪክ አሲድ ሰውነት ፕዩሪን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ሰባብሮ ሲጨርስ የሚቀረው ውጋጅ ነው። ፕዩሪን ከሚሞቱት የራሳችን ሕዋሳትም፣ እንደ ሥጋና ጉበት ካሉ ምግቦችም ይገኛል፤ ቢራም የዩሪክ አሲድን መጠን ከፍ ያደርጋል። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ይህን ውጋጅ የበለጠ የሚያፈርስ ዩሪኬዝ የተባለ ኢንዛይም አላቸው። ሰው ግን ይህ ኢንዛይም ስለሌለው፣ ሁለት ሦስተኛውን ያህል በኩላሊት፣ የቀረውን በአንጀት በኩል ያስወግዳል። በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ከ6.8 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ መሟሟት ስለሚያዳግተው ክሪስታል ሊሠራ ይችላል፤ ክሪስታሉ በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠራቀም የሚያስነሣው ብርቱ ሕመም ሪህ ይባላል።

ኩላሊት ሲደክም ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ይጨምራል። እጥበት ባልጀመሩ ሰዎች ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ከፍተኛ መጠንን ከደም ግፊት፣ ከልብና ከኩላሊት በሽታ ጋር አያይዘውታል። በዚህ የተነሣ እጥበት ላይ ያለ ሰውም ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዕድሜው ይረዝማል ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስላል። በ2011 የወጣ፣ በ6 አገሮች በማሽን የሚታጠቡ ከ4,600 በላይ ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት ያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ከፍ ያለ ዩሪክ አሲድ የነበራቸው ሕሙማን የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ በጣም ዝቅተኛውም በጣም ከፍተኛውም መጠን ከሞት ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። በሆድ ዕቃ ሽፋን በኩል በሚደረገው እጥበት ላይ የተገኙት ውጤቶች እርስ በርስ አይስማሙም፤ ስለዚህ የማሽኑን ግኝት ወደዚያ መውሰድ አይገባም።

ተቃርኖው ከየት መጣ? ይበልጥ አሳማኝ የሚመስለኝ ማብራሪያ ከምግብና ከጡንቻ ጋር የተያያዘው ነው። ለዓመታት በእጥበት የሚኖሩ ብዙ ሕሙማን የምግብ ፍላጎታቸው ይጠፋል፣ በሰውነታቸው ውስጥ የቆየ ብግነት ይኖራል፣ ጡንቻቸውም ይሟሽሻል። በደንብ የማይበላና የሚከሳ ሰው ዩሪክ አሲዱ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም አልቡሚኑ (በደም ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን) እና ከእጥበት በፊት የሚለካው ክሬያቲኒኑ (ከጡንቻ የሚወጣ ውጋጅ) አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ ሰውየውን የሚጎዳው የዩሪክ አሲዱ ማነስ ሳይሆን ማነሱ የሚጠቁመው የአካል መጎሳቆል ሊሆን ይችላል። የሰውነት ክብደትና ኮሌስትሮልም በእነዚህ ሕሙማን ዘንድ ተመሳሳይ የተገላቢጦሽ ግንኙነት ታይቶባቸዋል፤ ማለትም ከፍ ያለው መጠን ከዝቅተኛ የሞት ዕድል ጋር ተያይዟል። ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ኦክሲዳንት ተከላካይ (ሕዋሳትን ከሚጎዱ ኦክሲዳንት ከተባሉ ንጥረ ነገሮች የሚጠብቅ) ስለሆነ በራሱ ይጠቅም ይሆናል የሚሉም አሉ፤ ይሁን እንጂ በክትትል ላይ ብቻ የተመሠረተ ጥናት መንሥኤን ከምልክት ለይቶ ማረጋገጥ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዩሪክ አሲድ ትንሽ ሞለኪውል በመሆኑ ማሽኑ በቀላሉ ያጥበዋል፤ ከእጥበት በኋላ የተለካ ቁጥር ከእጥበት በፊት ከተለካው ጋር አይነጻጸርም። ከእጥበት በፊት የተገኘ ከፍ ያለ ቁጥርም ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚታጠብና በሚገባ የሚመገብ ሰው ውጤት ከፍ ሊል እንደሚችል ሁሉ፣ ወጪው ከብዶት በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታጠብ ሰው ውጤትም እጥበቱ ስላልበቃው ከፍ ሊል ይችላል። በአገራችን ብዙ ሕሙማን በዚህ ሁለተኛው ሁኔታ ውስጥ ስለሚገኙ፣ ቁጥሩ ከእጥበቱ መጠን፣ ከክብደት ለውጥና ከአልቡሚን ጋር አብሮ መነበብ አለበት።

እጅግ የሚያሳስበኝ፣ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ከዩሪክ አሲድ ጎን የ«ከፍተኛ» ምልክት ያየ ታካሚ በገዛ ፈቃዱ ሥጋውንም እንቁላሉንም ምስሩንም መተዉ ነው። እንቁላል እንኳ የፕዩሪን መጠኑ በጣም አነስተኛ ነው። እጥበት ራሱ ፕሮቲን ስለሚያሳጣ፣ በማሽን የሚታጠብ ሰው እጥበት ካልጀመረ የኩላሊት ታካሚ የበለጠ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ምን ያህልና ከየትኛው ምግብ የሚለው ግን በታካሚው ደም ውስጥ ያለውን የፖታሲየምና የፎስፎረስ መጠን ከሚያውቅ ሐኪም ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር የሚወሰን ነው። ሪህ ያለበት ታካሚ መታከም ይገባዋል፤ ለዚሁ የሚታዘዘው አሎፑሪኖል በሰውነት ውስጥ የሚሠራው ክፍሉ በእጥበት ስለሚወጣ፣ በእጥበት ቀን ብዙውን ጊዜ ከእጥበቱ በኋላ እንዲወሰድ ይደረጋል።