ስም ከመቃብር በላይ ይውላል

ይህ አባባል ሲነሳ ሁሌ የምትይዘኝ ቃል «ይውላል» ናት። «ይቀራል» ማለት ይቻል ነበር። መዋል ግን በቁም ያለ ሰው ነገር ነው። «እንዴት ዋልክ?» የምንለው ለሕያው ነው። ሥጋ አፈር ሲገባ ስም እላይ ይውላል፤ ለቅሶ ቤት፣ ገበያ መሃል፣ ሰው አፍ ላይ። የደጉ ሲነሳ «ነፍሱን ይማር» ይባላል። የክፉው ሲነሳ ልጆቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። ለዚህ ነው ትልልቅ ሰዎች ወጣት ሲመክሩ አባባሉን የሚያነሱት።

ስም የሚያስጠራ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ልጅ ነው። ራሞን ሎፔስ ቬላርዴ ግን አላገባም፣ ልጅም አልተካም።

ይህ የሜክሲኮ ገጣሚ እ.ኤ.አ. በ1888 በሳካቴካስ ግዛት፣ ሄሬስ ከተማ ተወለደ። ሕግ ተማረ። በሕይወቱ ያሳተመው ሁለት የግጥም መጻሕፍት ብቻ ነው፤ በ1916 እና በ1919። ሰኔ 1921 ላይ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ የሳንባ ምች ቀጠፈው። 33 ዓመት ከሞላው ገና አራት ቀኑ ነበር። አንጀት ይበላል።

በዚያው ዓመት አገሩ ነፃነቷን የጨበጠችበትን 100ኛ ዓመት ስታስብ «ላ ስዋቬ ፓትሪያ» የሚል ረጅም ግጥም ጽፎ ነበር። «ለስላሳዋ አገሬ» እንደማለት ነው። አገር ሲወደስ መድፍና ድል ይጠበቃል። እሱ ማለዳ ከዳቦ ቤት ወጥቶ መንገዱን የሚሞላውን ሽታ አመጣ፤ «ቅዱስ» ብሎ ጠራው። በቆሎዋን፣ በቀቀኖቿን፣ መጫወቻ የሚመስል ባቡሯን አመጣ። እኔ ግጥሙን የምወደው ለዚህ ነው፤ አገር በአፍንጫ ትገባለች።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ አገሩን እንዲህ ይላታል፦ ሕፃኑ ኢየሱስ በረት በስምሽ አጻፈልሽ፣ የነዳጁን ምንጭ ግን ሰይጣን። «በስምሽ አጻፈልሽ» የሕግ ሰው አነጋገር ነው፤ እንደ ቤት ውል። ሜክሲኮ ውስጥ የነዳጅ ነገር ሲነሳ ይህ ስንኝ አብሮ ይነሳል።

ሁለት መጻሕፍት የነበሩት ሰው የአገሩ ብሔራዊ ገጣሚ ተባለ። በ1963 አጽሙ ወጥቶ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ስፍራ ተዛወረ። ሮማ በሚባለው ሰፈር የሞተበት ቤትም «የገጣሚው ቤት» ተብሎ ሙዚየም ሆነ።