ጀማሂሪያ ምንድን ነው? የጋዳፊ ሥርዓት አሠራርና ያላበቃው ክርክር

ጀማሂሪያ ኮሎኔል ሙአመር ጋዳፊ ከማርች 2 ቀን 1977 ጀምሮ እስከ 2011 ሊቢያን የገዙበት ሥርዓት ስም ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የብዙኃን መንግሥት እንደ ማለት ነው። ጋዳፊ በሴፕቴምበር 1969 ንጉሥ ኢድሪስን ገልብጠው ሥልጣን ሲይዙ የ27 ዓመት መኮንን ነበሩ፤ አገሪቱም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፈችው እንደ ማንኛውም የዐረብ ወታደራዊ ሪፐብሊክ ነበር። ጀማሂሪያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐሳቡ ጋዳፊ ራሳቸው በጻፉት አረንጓዴው መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ሰፍሯል። ውክልና ማጭበርበር ነው፤ ስለዚህ ፓርላማ፣ ፓርቲና ፕሬዚዳንት አያስፈልጉም፤ ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ ይወስናል። ፓርቲ ማቋቋም በ1972 በወጣው ሕግ ቁጥር 71 እስከ ሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆኖ ስለነበር የፓርቲው ነገር ቀድሞ ያለቀ ጉዳይ ነበር።

ወረቀት ላይ አሠራሩ እንዲህ ነው። ዕድሜው 18 የሞላ ሊቢያዊ ሁሉ በሰፈሩ ያለው መሠረታዊ የሕዝብ ጉባኤ አባል ነው። አጀንዳው እዚያ ይነሳል፣ ውሳኔውም እዚያ ይሰጣል። የጉባኤዎቹ ጸሐፊዎች ውሳኔውን ይዘው ወደ አጠቃላይ የሕዝብ ጉባኤ ይሄዳሉ፤ እዚያ ሥራቸው የመጣውን አሰባስቦ ሕግ አድርጎ ማውጣት ብቻ ነው። ሚኒስትሮች ጸሐፊ፣ ካቢኔው አጠቃላይ የሕዝብ ኮሚቴ፣ ኤምባሲዎች ደግሞ የሕዝብ ቢሮ ተባሉ። ጋዳፊ በ1979 የጉባኤው ዋና ጸሐፊነታቸውን ለቀው የአብዮቱ መሪ የሚለውን መጠሪያ ብቻ ያዙ።

ሥርዓቱን ለመረዳት ዋናው ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ከ1977 መጨረሻ ጀምሮ ከጉባኤዎቹ ጎን አብዮታዊ ኮሚቴዎች ተቋቁመው ነበር። እነዚህ ተጠሪነታቸው በቀጥታ ለመሪው ነው። ለጸሐፊነት የሚታጨውን ሰው ያጣራሉ፣ ስብሰባውን ይቆጣጠራሉ፣ ተቃዋሚ ያሉትን ይይዛሉ። ሠራዊቱ፣ ጸጥታውና የነዳጁ ገንዘብ ደግሞ ከጉባኤዎቹ እጅ ውጭ ነበሩ። በማርች 1990 የወጣ አንድ ሰነድ ጭራሽ የመሪው መመሪያ በሁሉም ላይ አስገዳጅ እንዲሆን አደረገ። ስለዚህ መንገድ ሲበላሽ፣ ሆስፒታል መድኃኒት ሲያጣ ተጠያቂው ራሱን በራሱ የሚያስተዳድረው ሕዝብ ሆነ፤ አዛዡ ግን ሹመት የለውም። በፌብሩዋሪ 2011 ሕዝብ አደባባይ ሲወጣ ጋዳፊ በቴሌቪዥን ቀርበው የምለቀው ሥልጣን የለኝም፣ ፕሬዚዳንት ብሆን ኖሮ መልቀቂያዬን ፊታችሁ ላይ እወረውር ነበር ሲሉ ብዙዎች እንደ ቀልድ ወሰዱት። በሕጉ ቃል ከሄድን ግን ትክክል ነበሩ፤ ክፋቱም ያ ነው።

ጉባኤዎቹ ባዶ ጌጥ ብቻ ነበሩ ማለት ግን ነገሩን ማቅለል ይሆናል። በ2009 መጀመሪያ ጋዳፊ አብዛኞቹን ሚኒስቴሮች አፍርሶ የነዳጁን ገቢ በቀጥታ ለቤተሰቦች ማከፋፈል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ለ468 መሠረታዊ ጉባኤዎች ተላከ። ወዲያው ይፈጸም ያሉት 64 ብቻ ሲሆኑ 251ዱ ሐሳቡን ተቀብለው አስፈላጊው ዝግጅት እስኪደረግ ይቆይ አሉ። ማከፋፈሉ ቀረ። ይህን እንደ ሕዝብ ድል የሚያነሱ አሉ። በእኛ ግምት ማሽኑ የተንቀሳቀሰው ላይኛው ክፍል ራሱ ስለተከፋፈለ ነው፤ የማዕከላዊ ባንኩና የመንግሥት ኃላፊዎች የዋጋ ንረት ይመጣል ብለው በግልጽ ሲያስጠነቅቁ ነበር።

አሁን ሊቢያውያን በጋዳፊ ውርስ ላይ ሲከራከሩ ሁለቱም ወገን ተጨባጭ ነገር ይጠቅሳል። ደጋፊው በ1984 የተጀመረውን ታላቁን ሰው ሠራሽ ወንዝ ያነሳል። ከሰሃራ ሥር ያለው ውኃ እስከ 4 ሜትር ስፋት ባላቸው የኮንክሪት ቧንቧዎች እየተጓዘ በ1991 ቤንጋዚ፣ በ1996 ትሪፖሊ ደርሷል። ዛሬም ከተሞቹ የሚጠጡት በአብዛኛው ይህንኑ ነው። ውኃው ከጥንት ዘመን የተጠራቀመና የማይተካ መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ተቃዋሚው ደግሞ በዚያው በ1996 ጁን ወር በትሪፖሊው አቡ ሰሊም እስር ቤት የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ያነሳል፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች የሟቾቹን ቁጥር 1,200 ገደማ ያደርሱታል። ብዙ ቤተሰቦች የልጃቸውን መሞት ሳይሰሙ ለዓመታት ስንቅና ልብስ ወደ እስር ቤቱ ሲያመላልሱ ኖረዋል። የቤንጋዚው ተቃውሞ በ2011 የፈነዳው የእነዚሁ ቤተሰቦች ጠበቃ በመታሰሩ ነው።

አፍሪካ ውስጥ ክርክሩ ሌላ መልክ አለው። አዲስ አበባ ላይ ጋዳፊ የሚታወሱት በፌብሩዋሪ 2009 የአፍሪካ ኅብረት ሊቀመንበር ሆነው ሲመረጡ፣ የባህል ነገሥታትን አስከትለው፣ የነገሥታት ንጉሥ የሚል ማዕረግ ይዘው በመምጣታቸው ነው። ኅብረቱ ራሱ የተፀነሰው በሴፕቴምበር 9 ቀን 1999 በትውልድ አካባቢያቸው በሲርት በወጣው መግለጫ ነው፤ ሊቢያም እያንዳንዳቸው ከአባላት መዋጮ 15 በመቶውን ከሚሸፍኑት አምስት አገሮች አንዷ ነበረች። ይህ እውነት ነው። ግን በዚያው ዘመን ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች ኩፍራ በረሃ ላይ ይታሰሩ ነበር፤ በኦገስት 2008 ከጣሊያን ጋር የ5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ከባሕር ላይ የተያዙ ሰዎች ወደ ሊቢያ ይመለሱ ነበር። የሊቢያ የስደተኛ ሰቆቃ ከ2011 በኋላ ብሷል እንጂ ያኔ አልተጀመረም።

ከጋዳፊ ሞት በኋላ ሥርዓቱን በሕግ ለመንቀል የተደረገው ሙከራም ከሽፏል። በሜይ 2013 የወጣው የፖለቲካ ማግለያ ሕግ ከ1969 እስከ 2011 ድረስ ከፍተኛ ሹመት የነበረውን ሰው ሁሉ ለ10 ዓመት ከመንግሥት ሥራ አገደ። የዘመኑ ርዝመት 42 ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። ከተነኩት አንዱ የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ሙሐመድ አል-መጋሪፍ ነበሩ፤ በ1980 በሕንድ አምባሳደር ሳሉ ከድተው ሦስት አሥርት ዓመታት ሲቃወሙ የኖሩ ሰው። ለቀቁ። በ2015 ሕጉን በምሥራቅ ሊቢያ ቶብሩክ የተቀመጠው ምክር ቤት ሻረው።

ከሁሉ ሥር ሰዶ የቀረው ግን በ1978 የወጣው ሕግ ቁጥር 4 ነው፤ መፈክሩ ቤቱ የነዋሪው ነው የሚል ነበር። አንድ ሰው የሚኖርበትን አንድ ቤት ይይዛል፤ የቀረው ወደ መንግሥት ይዞራል። ማከራየት ተከለከለ። ተከራዩ ባለቤት ሆኖ ለመንግሥት ወርሃዊ ክፍያ ይከፍላል፤ ክፍያው ብዙ ጊዜ ከቀድሞው ኪራይ ያንስ ነበር። እንደ ባልቴቶች ላሉና አዋቂ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች አስተያየት ተደርጓል። የእኛን ትርፍ ቤት አዋጅ ለሚያውቅ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ እኛ ዘንድ አከራዩ መንግሥትና ቀበሌ ሆኑ፣ እዚያ ግን ተከራዩ ራሱ ባለቤት ሆነ። ለዚህ ነው አንዲት የትሪፖሊ ሕንፃ ላይ ሁለት የጋዳፊ ትዝታ የሚኖረው።

የተበላሸው ግን ወዲያው ነበር። የሚያከራይ ከሌለ ለኪራይ የሚሠራም የለም፤ የቤት ግንባታው ሁሉ በመንግሥት ጫንቃ ላይ ወደቀ። ባለቤቶች ትርፉን ቤት በዘመድ ስም ማድረግ ጀመሩ። በ1980ዎቹ የመሬት ምዝገባ መዛግብት በመቃጠላቸው ደግሞ ማን ከማን እንደወሰደ ማስረጃው ሳሳ። በ2006 የካሳ ኮሚቴ ቢቋቋምም ጉዳዩን አልጨረሰውም፤ ከ2011 በኋላ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች የድሮ ካርታቸውን ይዘው፣ አንዳንዶቹም መሣሪያ ይዘው በሩን አንኳኩ።

በ2015 ትሪፖሊ የነበረው ምክር ቤት ሕጉን ሻረ፤ አገሪቱ ግን በሁለት ተቀናቃኝ ምክር ቤቶች ተከፍላ ስለነበር መሻሩ በሁሉም ዘንድ አልታወቀም። ቢታወቅም ኖሮ የቀድሞው ባለቤት ካርታ አለው፤ ነዋሪው ከመንግሥት የተሰጠው ወረቀትና የከፈለባቸው ደረሰኞች አሉት፤ ቤቱን ከነዋሪው ልጆች የገዛ ሦስተኛ ሰው ካለ ደግሞ እሱም ውሉን ይዞ ይቀርባል።