የዳህላክ ደሴቶች፦ የኮራል ሪፎቹና የጠላቂዎቹ ታሪክ

ዳህላክ ከምጽዋ ወደብ በስተምሥራቅ፣ በደቡባዊው ቀይ ባሕር ላይ የተበተኑ የኤርትራ ደሴቶች መጠሪያ ነው። ብዛታቸው አብዛኛውን ጊዜ 126 ነው ይባላል። ከ200 በላይ የሚያደርሷቸውም አሉ። ልዩነቱ የመጣው ከውሃ ብቅ ያለ አለት ሁሉ ደሴት ይባል አይባል ከሚለው ይመስላል። ሰው የሚኖርባቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ትልቁ ዳህላክ ከቢር ነው። ስለ ግብፅ የስኩባ ዳይቪንግ (በአየር ጋን እየተነፈሱ የመጥለቅ) ቦታዎች የተጻፈው ለቁጥር ያታክታል። ስለ ዳህላክ ግን በአማርኛ አንድ ደህና ጽሑፍ ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። ያለውን በአንድ ላይ ለማሰባሰብ የተነሳሁት ለዚህ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድንጋዩም ኮራል ነው

አብዛኞቹ ደሴቶች ዝርግ ናቸው። ድንጋያቸውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የኮራል ቅርጽ ያገኝበታል። ድሮ ባሕር ውስጥ ያደገ ሪፍ፣ ማለትም ኮራል የተባሉ የባሕር እንስሳት አጽም እየተከመረ የሠራው አለት ነው፤ ኋላ ከውሃ በላይ ቀረ። ከደሴቶቹ ማዶ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ አብዱር የሚባል ቦታ አለ። እዚያ 125,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው የሪፍ ድንጋይ ውስጥ የሰው እጅ የጠረባቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ግኝቱ በ2000 ታትሟል። ሰው ባሕር ዳር ኖሮ ከባሕር ሲመገብ ከሚያሳዩት በጣም ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ነው። ይህን ሳነብ ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

ውሃው እንደ ሰሜኑ ቀይ ባሕር ጥርት ያለ አይደለም። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በባብ ኤል መንደብ በኩል ለሕይወት የሚሆን ንጥረ ነገር የበዛበት ውሃ ይገባል። ስለዚህ ፕላንክተን የሚባሉት በውሃ የሚንሳፈፉ ደቂቅ ፍጥረታት ይበዛሉ፤ ባሕሩም አረንጓዴ ይመስላል። ጠላቂው ሩቅ ማየት አይችልም። ዓሣው ግን የትየለሌ ነው። የባሕር ኤሊም፣ ሣር በል የባሕር አጥቢ እንስሳ የሆነው ዱጎንግም አለ።

የሚገርመው ሙቀቱ ነው። በሞቃቶቹ ወራት የላይኛው ውሃ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ኮራል በውስጡ ከሚኖሩ ደቂቅ አልጌዎች ጋር ተጋግዞ የሚኖር እንስሳ ነው። ውሃው ከለመደው በላይ ሲሞቅ አልጌዎቹን ይተፋና ይነጣል። ሙቀቱ ከቆየበት ይሞታል። በሌሎች ባሕሮች ብዙ ኮራል በዚህ ሙቀት ይጎዳል። የዳህላኩ ግን በየዓመቱ ይችለዋል። ይህ ማለት ምንም አይነካውም ማለት አይደለም። ሆኖም ነገ ውቅያኖሶች ሲሞቁ ምን እንደሚተርፍ ማወቅ የሚሻ ሰው መጀመሪያ እዚህ መጥቶ ቢያይ ይበጀዋል ብዬ አምናለሁ።

ያለ አየር ጋን የጠለቁት

በ1ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ አንድ የግሪክኛ የባሕር መመሪያ ከጥንታዊው የአክሱም ወደብ ከአዱሊስ ፊት ለፊት ስላሉ ደሴቶች ይናገራል። የኤሊ ልባስ ከዚያ ወደ አዱሊስ የሚያመጡት «ዓሣ በል» ሰዎች ናቸው ይላል። ደሴቶቹ ከጥንት ጀምሮ በዕንቁም ይታወቃሉ። ዕንቁ ጠላቂው ትንፋሹን ይዞ ይወርዳል፤ ያገኘውን ዛጎል ለቅሞ ይወጣል። የአካባቢው የመጥለቅ ታሪክ መጀመር ያለበት ከእነዚህ ሰዎች ነው። የውጭ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ዘለዋቸው ያልፋሉ።

በመካከለኛው ዘመን ዳህላክ የራሱ ሱልጣኖች ነበሩት። በዳህላክ ከቢር ኩፊ የተባለው ጥንታዊ የዓረብኛ ጽሕፈት የተቀረጸባቸው የመቃብር ድንጋዮችና ከአለት የተፈለፈሉ የውሃ ማጠራቀሚያዎች እስከ ዛሬ አሉ። ማጠራቀሚያዎቹ ከ300 በላይ ናቸው ይባላል። የደሴቶቹ ሰዎች ዳህሊክ የተባለ ሴማዊ ቋንቋ ይናገራሉ። ምሁራን ራሱን የቻለ ቋንቋ መሆኑን የተረዱት በ1996 ነው።

ከ1941 እስከ 1953

ስለዚህ ዘመን የተጻፈው ብዙ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ። በኤፕሪል 1941 የእንግሊዝ ጦር ወደ ምጽዋ ሲቃረብ ጣሊያኖች መርከቦቻቸው እንዳይማረኩ ራሳቸው አሰጠሟቸው። ገሚሱ ወደቡን እንዲዘጋ እዚያው ሰጠመ። ሌሎቹ ወደ ዳህላክ ተወስደው ነው የሰጠሙት። ከእነዚህ አንዷ በ1924 የተሠራችው የመንገደኞች መርከብ ናዛሪዮ ሳውሮ ናት። ምጽዋ ኤፕሪል 8 ተያዘች።

በ1942 አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ወደቡን ሊያጸዳ መጣ። እጁ ላይ የነበረው የሰውም የዕቃም ቁጥር ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። ጣሊያኖች በፈንጂ በሳስተው ያሰጠሙትን ትልቅ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ማንሳት አይቻልም ተብሎ ነበር። ኤልስበርግ ክፍሎቹን በታመቀ አየር ሞልቶ አስነሳው። ይህ ሁሉ የተሠራው በምጽዋ ሙቀት ነው። ምጽዋን የሚያውቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ዳህላክን በዓለም ጠላቂዎች ዘንድ ያስተዋወቀው ግን ከ1952 እስከ 1953 የተካሄደው የጣሊያን የባሕር ውስጥ ጉዞ ነው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት ሰሞን ማለት ነው። መሪው ብሩኖ ቫይላቲ ነበር። አብረውት የሳይንስ ሰዎችና በ1949 በአንድ ትንፋሽ 30 ሜትር የወረደው ራይሞንዶ ቡሸር ነበሩ። ካሜራውን የያዘው ፎልኮ ኩዊሊቺ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። በ1954 ያወጣው ባለቀለም ዘጋቢ ፊልም በውሃ ውስጥ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሙሉ ርዝመት ፊልሞች አንዱ ነው። ስኩባ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ የአውሮፓ ተመልካች ኮራል ሪፍን በቀለም ያየው በዳህላክ በኩል ነው። ይህ ክብር ለደሴቶቹ ይገባቸዋል። ያ ቡድን ግን በዘመኑ ልማድ ዓሣም እየወጋ ነበር። ዛሬ የሚወደስ ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ

በ1962ና በ1965 የእስራኤል ተመራማሪዎች መጥተው የባሕሩን ፍጥረታት አጠኑ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኖክራ ደሴት የሶቪየት ባሕር ኃይል ጣቢያ ሆነች። እስከ 1991 ድረስ ጦርነት ስለነበር ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሪፉ ደህና የቆየው በዚህ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። እኔም ከሞላ ጎደል እስማማለሁ።

ከዳህላክ ራቅ ብሎ ወደ ደቡብ በሚገኘው በትልቁ ሃኒሽ ደሴት የሆነውንም ማንሳት ያስፈልጋል። በ1995 በየመን ፈቃድ አንድ የጀርመን ኩባንያ እዚያ ሆቴልና የዳይቪንግ ማዕከል መገንባት ጀመረ። ኤርትራም ደሴቷ የእኔ ናት ብላ ወታደር ላከች። በታኅሣሥ ውጊያ ተነሳ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በ1998 የግልግል ፍርድ ቤት የሃኒሽን ዋና ደሴቶች ለየመን፣ አንዳንድ ትናንሽ ደሴቶችን ለኤርትራ ሰጠ።

መጥለቂያ ቦታዎቹ

መነሻው ምጽዋ ነው። ወደ ደሴቶቹ ለመሄድ ፈቃድ ማውጣት ግድ ይላል። ቀዝቀዝ ያሉት ወራት ይመረጣሉ። ለጀማሪ ከወደቡ አጠገብ ያለችው ሼክ ሰይድ ትመቻለች። ግሪን አይላንድም ይሏታል። ውሃዋ ጥልቅ ስላልሆነ በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ብቻ ብዙ ማየት ይቻላል። ማዶቴ ደግሞ በሪፍ የተከበበች ቁራጭ አሸዋ ናት። ዲሴ ከሌሎቹ ትለያለች፤ እሳተ ገሞራ የወለዳት ኮረብታማ ደሴት ናት። ጥንት ለአዱሊስ የሚመጡ መርከቦች መልሕቅ የሚጥሉባት ደሴት እሷ ሳትሆን አትቀርም። ዱር ጋምና ዱር ጌላ በወፎቻቸው ይታወቃሉ።

ኮራሉ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ከላይ ነው የሚገኘው። ወረድ ሲሉ አሸዋና ደለል ይጀምራል። ስለዚህ በጥልቀት መፎካከር ትርፍ የለውም፤ ቀስ ብሎ ዳር ዳሩን ማየት ነው። ናዛሪዮ ሳውሮ ግን ሌላ ነገር ናት። ያለችው በዳህላክ ከቢር ውስጥ ጠባብ መግቢያ ባለው ጉባት ሙስ ነፊት በተባለው ጥልቅ ባሕረ ሰላጤ ነው። ብረቷን ኮራል አልብሶታል። ውሃው ደብዘዝ ስለሚል ጠላቂው መርከቧን የሚያያት አጠገቧ ሲደርስ ነው። ወደ እሷ መውረድ ያለበት ልምድ ያለው ሰው ብቻ ነው።