«ቻርጅ» ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ቀን ከዚራ ሰፈር ካፌ ላይ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፣ ጥገና ቤት ፍሪጅ ጋዝ ቻርጅ ይደረግለታል፣ ፍርድ ቤት ደግሞ ተከሳሽ የክስ ቻርጁ ይደርሰዋል። ቃሉ አንድ ነው፤ ዝምድናው ግን ሥሩ ላይ ካልተወረደ አይታይም።

ሥሩ ጋሪ ነው። በላቲን «ካሩስ» ጋሪ ማለት ሲሆን፣ ከእሱ «በጋሪ መጫን» የሚል ግስ ወጣ። ፈረንሳይኛ «ሻርዤ» አለው፤ እንግሊዝኛም ከዚያው ተቀበለ። በስፓኒሽ በኩል ዞሮ የመጣው ወንድሙ ባቡርና መኪና ላይ የምናየው «ካርጎ» ነው። እንግዲህ «ቻርጅ» ሲያጋጥም «ሞላ» ከማለት በፊት «ጫነ» ብሎ መሞከር ይበጃል። አማርኛም እንደዚያው ነው፦ በቅሎ ይጫናል፣ ግብር ይጫናል፣ ጥፋትም ሰው ላይ ይጫናል። የማይገጥመው ጠመንጃ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛ «ቻርጅ» ያለውን ባሩድ እኛ እናጎርሰዋለን።

የፍሪጁ ቻርጅ የተወሰነ ጭነት ነው፤ ልኩም በግራም ከጋዙ ዓይነት ጋር ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። አር 600ኤ የተባለውን የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚጠቀም የቤት ፍሪጅ ብዙውን ጊዜ ከ100 ግራም በታች ስለሚይዝ የ20 ግራም ስህተት ቀላል አይደለም። በሚዛን ሳይሆን በጌጅ (በግፊት መለኪያ) ብቻ የሚሞላ ባለሙያ በድሬዳዋ ሙቀት በቀላሉ ይሳሳታል፤ የአየሩ ሙቀት ግፊቱን ይለውጠዋልና። ጋዙ ሲበዛ ወደ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን ወደሚጨምቀው ሞተር) የሚመለሰው ቱቦ በውጭ በኩል በረዶ ይይዛል፣ ፈሳሽ ገብቶም ኮምፕሬሰሩን ሊሰብረው ይችላል። ሲያንስ ፍሪዘሩ በከፊል ብቻ ይቀዘቅዛል። ቱቦው ዝግ ስለሆነ ጋዝ ካልሾለከ አይጎድልም፤ ቀዳዳውን ሳይፈልጉ በየዓመቱ ቻርጅ ማድረግ ገንዘብ መድፋት ነው። አር 600ኤ ተቀጣጣይ በመሆኑም ጋዙ ሳይወጣ ብየዳ አይታሰብም።

ስልክ ላይ የሚጫነው ኤሌክትሪክ ነው። 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ 1 አምፒር ለ5 ሰዓት ይሰጣል ማለት ነው። «ቻርጅ ዘጋብኝ» የእኛው ፈጠራ ነው፤ እንግሊዞቹ ባትሪው ሞተ ነው የሚሉት።

በፍርድ ቤት የሚጫነው ወንጀል ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 111 የክስ ቻርጁ ቀንና ፊርማ፣ የተከሳሹን ስም፣ የወንጀሉን ዝርዝር፣ ጊዜና ቦታውን፣ ተጣሰ የተባለውን ሕግና አንቀጽ እንዲይዝ ያዛል። ፖሊስ ያዘው ማለት ቻርጅ ተደረገ ማለት አይደለም፤ ዜና የሚተረጉሙ ሰዎች ሁለቱን ያምታታሉ።

ሆቴል ውስጥ ጭነቱ ሒሳብ ነው። የ100 ብር ምግብ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ከተጨመረና 15 በመቶው ቫት በ110ሩ ላይ ከተሰላ፣ የሚከፈለው 125 ሳይሆን 126 ብር ከ50 ሳንቲም ነው።

ኃላፊነትም ሸክም ነው፤ «ኢን ቻርጅ ኦፍ» የሚለው ከዚያ መጣ። እዚህ ላይ ግን «ዘ» ጣልቃ ከገባች ነገሩ ይገለበጣል፦ ነርሷ ለልጁ «ኢን ቻርጅ ኦፍ» ከሆነች ጠባቂው እሷ ናት፤ ልጁ ደግሞ «ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ» ነርሷ ነው፣ ማለትም በእሷ ጥበቃ ሥር ነው።