ይሄዱ ዘንድ ሞከሩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ጥቅምት 22 የወንጌላዊው የቅዱስ ሉቃስ መታሰቢያ ነው። በዘንድሮው በዓል ጥሩ አድርጌ ያስተማርሁ መስሎኝ ነበር። ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ፣ ቅዱስ ጳውሎስም ለቆላስይስ ምእመናን ሲጽፍ ከነሙያው ጠርቶ «የተወደደው» እንዳለው (ቆላ. 4፥14)፣ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና አክብረው እንደሚል እያነሣሁ የሙያውን ክብር አንድ ሰዓት ሙሉ አብራራሁ። ጉባኤው ሲበተን አንዲት እኅት ወደ ኋላ ቀረች።

«መምህር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ከአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ ነው። «ማመልከቻዎን በጥንቃቄ ተመልክተናል» ብሎ ይጀምርና ሁለተኛው መስመር ላይ «ይሁን እንጂ» ይላል። ከ«ይሁን እንጂ» ወዲያ ያለውን እርሷ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትወጣዋለች፤ አራተኛ ዓመቷ ነውና።

እኔስ ምን አልኋት? «ለበጎ ነው።» ሌላም ጨምሬበታለሁ፤ እዚህ ልደግመው አፍራለሁ። «አመሰግናለሁ» አለችና ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች። ያን ሁሉ ሰዓት የሙያውን ክብር ሳብራራ ለካ በእርሷ ላይ ሸክም እየቆለልሁ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ፈልጌ አገኘኋት፤ ያን ጊዜ ብዙውን ሰዓት ዝም ብዬ ሰማሁ። በመጀመሪያው ዓመት ገና ማመልከቻዋን ስታስገባ አጎቷ ደስ ብሎት የልብ ማዳመጫ ገዝቶ ሰጥቷት ነበር። እስከ ዛሬ ከካርቶኑ አልወጣም። እንግዳ በመጣ ቁጥር በእግሯ ገፋ አድርጋ አልጋው ሥር ትደብቀዋለች። ይህን የምጽፈው ፈቃዷን ጠይቄ ነው። «ከጠቀመ ይጻፉት፤ ስሜን ብቻ አያንሡ» ብላኛለች።

ከደብዳቤዎቹ ይልቅ የጎዳት ከእኛ ከምእመናን የሰማችው ነው። አንዱ «ከልብሽ አልጸለይሽ ይሆናል» አላት። አንዲት እናት ደግሞ ወደ ጆሮዋ ተጠግተው «የሆነ ያሰረሽ ነገር አለ» አሏት። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት የሠሩት ማን ነው ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታ የመለሰላቸውን ሁላችን እናውቃለን (ዮሐ. 9፥3)። መልሱን እናውቃለን፤ ጥያቄውን ግን እስከ ዛሬ አልተውነውም። ወገኖቼ፣ የአንድ ትምህርት ቤት የቅበላ ኮሚቴ ከመቼ ወዲህ ነው የፍርድ ወንበር የሆነው? መቶ ወንበር ላለው ክፍል ሺህ ሰው ቢያመለክት ዘጠኝ መቶው ይመለሳል። ከዘጠኝ መቶው ውስጥ የጸለየም ያልጸለየም አለ፤ ከገቡት መቶዎቹም ውስጥ እንዲሁ።

ለእርሷና እንደ እርሷ ደጋግመው ለተመለሱት ሁሉ የማነበው ክፍል የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ነው።

ጳውሎስ፣ ሲላስና ጢሞቴዎስ መንገድ ላይ ናቸው። በእስያ ቃሉን እንዳይናገሩ መንፈስ ቅዱስ ከለከላቸው፤ ይህች እስያ ክፍለ ዓለሙ ሳትሆን ኤፌሶን የነበረችበት የሮም አውራጃ ናት። ይህ አንድ። ከዚያም «ወደ ቢታንያ ይሄዱ ዘንድ ሞከሩ፥ የኢየሱስ መንፈስም አልፈቀደላቸውም» ይላል (16፥7)። ይህ ሁለት። ይህች ቢታንያ በስም ትመሳሰል እንጂ የአልዓዛር መንደር አይደለችም፤ በጥቁር ባሕር ዳርቻ የነበረች አውራጃ ናት።

እኔ የምወደው «ሞከሩ» የምትለውን ቃል ነው። ምርጥ ዕቃ የተባለው ጳውሎስ ሞከረና አልሆነለትም። ሊሠራ የፈለገው ደግሞ ወንጌልን መስበክ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ምን ምኞት አለ? ሐሳቡ ቅዱስ፣ ጉልበቱም ያልዛለ ሆኖ ሳለ ተመለሰ። ለምን እንደ ተከለከለ መጽሐፉ አይነግረንም። በምን መንገድ እንደ ተከለከለ እንኳ አይነግረንም፤ በሕመም ይሁን፣ በመንገድ መዘጋት ይሁን፣ በራእይ ይሁን አይልም። ብዙዎቻችን እዚህ ቦታ ላይ ለእግዚአብሔር ምክንያት ልናበጅለት እንቸኩላለን። በበዓሉ ዕለት እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሉቃስ ግን ክልከላውን ጽፎ፣ ምክንያቱን ዝም ብሎ አለፈው።

ከዚያስ ምን አደረጉ? «ወደ ጢሮአዳ ወረዱ።» ጢሮአዳ የወደብ ከተማ ናት፤ ከእርሷ ወዲያ ባሕር ነው። በግራ ተከለከሉ፣ በቀኝም ተከለከሉ፤ በመካከል የቀረችውን መንገድ ይዘው የብሱ እስኪያልቅ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ወደ መቄዶንያ ተሻግረህ እርዳን የሚለው የመቄዶንያ ሰው በሌሊት በራእይ ለጳውሎስ የታየው እዚያ፣ ምድሩ ባለቀበት ቦታ ነው።

አሁን ቁጥር 10ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። እስከ ቁጥር 8 ድረስ «አለፉ»፣ «ሞከሩ»፣ «ወረዱ» እያለ ስለ ሌሎች ሲተርክ የነበረው ጸሐፊ፣ ቁጥር 10 ላይ ሲደርስ ድንገት «ልንወጣ ፈለግን» ይላል። እነርሱ የነበሩት እኛ ሆኑ። መጽሐፉን የጻፈው ሉቃስ መሆኑን ከአባቶች ተምረናል። እንግዲህ የተወደደው ሐኪም ከጳውሎስ ጋር ሲጓዝ በሐዋርያት ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የምናየው በዚህች በአንዲት ግስ ውስጥ ነው፤ ስሙን እንኳ ሳይጠራ፣ ከሁለት ክልከላ በኋላ፣ በወደቡ ከተማ። ይህን ባስተዋልሁ ቁጥር መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት እቆያለሁ።

«ታዲያ ሁሉም በስተመጨረሻ ይሳካለታል ማለት ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አላልሁም። የሁለቱ የተዘጉ በሮች መጨረሻ አንድ አይደለም። እስያ ኋላ ተከፈተች፤ ጳውሎስ በኤፌሶን ሁለት ዓመት ያህል አስተምሮ በእስያ የኖሩት ሁሉ የጌታን ቃል ሰሙ (19፥10)። ጳውሎስ ቢታንያ ገባ የሚል ቃል ግን እስከ መጽሐፉ መጨረሻ አናነብም። ቢታንያም ሳትሰማ አልቀረችም፤ ቅዱስ ጴጥሮስ የመጀመሪያ መልእክቱን ከሚልክላቸው መካከል በቢታንያ ያሉ ምእመናን ይገኛሉ (1ጴጥ. 1፥1)። ሌላ ሰው ገባባት። ጳውሎስ መንገድ ላይ ሳለ ግን የትኛው ክልከላ «ገና ነው» እንደሚል፣ የትኛው «አንተ አይደለህም» እንደሚል የሚለይበት ምልክት አልተሰጠውም። ሁለቱም ያው ክልከላ ነበሩ።

አንቺም ገና አታውቂም፣ እኔም አላውቅልሽም። «በአምስተኛው ትገቢያለሽ፤ ታይቶኛል» የሚልሽን ሰው አትመኚ። «ተዪው፣ አልተጻፈልሽም» የሚልሽንም እንዲሁ።

ከሐኪሞች ታሪክ ይህንኑ የሚያስታውሰኝ የሁለት እኅትማማቾች ነገር አለ። ኤልዛቤት ብላክዌል በአሜሪካ የሕክምና ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከመለሷት በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1847 በኒው ዮርክ ግዛት የነበረ አንድ ኮሌጅ ጉዳይዋን ለወንዶቹ ተማሪዎች ድምፅ አቀረበው፤ እነርሱም ቀልድ መስሏቸው «ትግባ» አሉ። በ1849 ተመረቀች። ይህች እስያዋ ናት። ልቧ ግን ቀዶ ሐኪም መሆን ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ፓሪስ ውስጥ ዓይኑን የታመመ ሕፃን ስታክም ሕመሙ ተላልፎባት የአንድ ዓይኗን ብርሃን አጣች፤ የቀዶ ሕክምናውም ነገር በዚያው ቀረ። ይህች ደግሞ ቢታንያዋ። ታናሽ እኅቷ ኤሚሊም ከየትምህርት ቤቱ እየተመለሰች፣ አንዱ ደግሞ አንድ ዓመት ካስተማራት በኋላ አሰናብቷት፣ በሌላ ትምህርት ቤት በ1854 ተመረቀች። በ1857 ለሴቶችና ለሕፃናት በከፈቱት ሆስፒታል ውስጥ ቀዶ ሕክምናውን የሠራችው ኤሚሊ ናት።

ስለ ጽናት ሲነሣ ሁላችን የምንጠራው ቅዱስ ያሬድን ነው፤ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉን የወጣችውን ትል። እኔም ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። የምንበድለው ትሏን ከታሪኩ ቆርጠን አውጥተን ለወደቀ ሰው ሁሉ እንደ ጠጠር ስንወረውራት ነው። ያሬድ ትሏን አይቶ ምን አደረገ? ትቶት ወደ ሸሸው ወደ መምህሩ ወደ አባ ጌዴዎን ተመለሰ፤ ይቅርታ ጠይቆ እንደ ገና ከፊቱ ተቀመጠ። የእርሱ ጽናት መማር ነበር። ያንኑ ማመልከቻ ቀኑን ብቻ ለውጦ በየዓመቱ መላክ፣ በጾምና በስግደት እንኳ ቢታጀብ፣ ጽናት ብዬ አልጠራውም። የጎደለው የፈተና ውጤት ነው? የድጋፍ ደብዳቤው ነው? ወይስ በጽሑፍሽ ውስጥ «ሰውን መርዳት እወዳለሁ» ከሚለው በቀር በሽተኛ አጠገብ የቆምሽበት አንድ ቀን እንኳ አልተተረከም? ይህን ደፍሮ የሚነግርሽ ሰው ፈልጊ፤ ሲነግርሽም አትቀየሚው።

እኅታችንን ይህን ስጠይቃት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ቃለ መጠይቁ ላይ ነው የምወድቀው። ሰዎቹ ፊት ስቀመጥ ድምፄ ይጠፋል» አለችኝ። አራት ዓመት! አራት ዓመት ሙሉ «እንጸልይልሻለን» ስንላት ኖረን፣ «ነይ ተቀመጪ፣ እንጠይቅሽና ተለማመጂ» ያላት አንድ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ጸሎታችንን አልነቅፍም። ግን አንድ ወንበር ስቦ መቀመጥ ምን ያህል ይከብድ ነበር?

ስለ ስለትም አንድ ቃል ልናገር። «ካስገባኸኝ» ብለው ተስለው፣ ሳይገቡ ሲቀሩ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የጠፉ ልጆች አሉን። አልፈርድባቸውም፤ ያስተማርናቸው እኛ ነን። የተሳካለት ሲመሰክር እልል እንላለን፤ ያልተሳካለት ግን መጥቶ «አልሆነልኝም፤ ዛሬም መጥቻለሁ» የሚልበት ቦታ በመካከላችን የለም።

ወደ ጳውሎስ ጉዞ ልመለስ። ከራእዩ በኋላ የደረሱት በመቄዶንያ ወዳለችው ከተማ ወደ ፊልጵስዩስ ነው። ባሕሩን ተሻግረው፣ እግዚአብሔር ራሱ በከፈተው በር ገብተው ምን ጠበቃቸው? በትር። ጳውሎስና ሲላስ ተገርፈው ወኅኒ ተጣሉ፤ እግራቸውም በግንድ ተጠረቀ። የተከፈተ በር ሁሉ ምቾት አለው ብለሽ አትጠብቂ፤ ሕክምናን የተማሩት ይህን ከእኔ የተሻለ ይነግሩሻል። በመንፈቀ ሌሊት ምድር ተናወጠች፣ የወኅኒው ጠባቂም አመነ፤ ከዚያም በዚያች ሰዓት ወስዶ ቁስላቸውን አጠበላቸው (16፥33)። ሐኪሙ ሉቃስ ከታሰሩት ጋር አልነበረም። በዚያች ሌሊት የሐዋርያትን ቁስል ያጠበው፣ ከሰዓታት በፊት በግንድ የጠረቃቸው ያው እጅ ነው።

ጌታም በመጨረሻው ቀን የሚናገረውን አስተውዪ፤ ታምሜ ጠይቃችሁኛል ይላል እንጂ ታምሜ ፈውሳችሁኛል አይልም። ስለዚህ በዚህ በምትጠብቂበት ዓመት ከቤትሽ ብዙ ሳትርቂ የተኛ ሰው አለ፤ ሂጂና ጠይቂው። ለማመልከቻሽ እንዲሆንሽ ብለሽ አይደለም። ደጋግመሽ ሞክረሽ አንድ ቀን ልብሽ ወደ ነርስነት፣ ወደ ፋርማሲ ወይም ወደ ላቦራቶሪ ቢያዘነብል ደግሞ ቀና ብለሽ ግቢ። እነዚህ ሙያዎች ከሐኪም የተረፉ ፍርፋሪዎች አይደሉም፤ በሽተኛም ሐኪም ባለመሆኗ የምታኮርፍ ነርስ አይሻም።

ለእናንተ ለቀራችሁት የምለምናችሁ አንዲት ነገር ናት። በበዓል ቀን ደጀ ሰላም ላይ ስታገኟት «እሺ፣ ዘንድሮስ እንዴት ሆነ?» ብላችሁ አትጠይቋት። የሚነገር ሲኖር ራሷ ትናገራለች።

ባለፈው እሑድ ከጉባኤ በኋላ ሦስት ሆነን ጠረጴዛ አስቀርበን እንደ ፈታኞች ከፊቷ ተቀመጥን። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ጠየቅሁ። «ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ?» ሁለት ቃል ተናገረችና ድምፅዋ ጠፋ። ጣቶቿን እያፍተለተለች መሬት መሬት አየች። አንዱ ወንድም አዝኖላት ውሃ ሊያመጣላት ከወንበሩ ሲነሣ ቀና አለች።

«ተቀመጥ፤ ልጨርስ» አለችው።